ተርፎኝ ነው

መጀመሪያ የመጣልን ፎሶሊያ ነው። በወረቀት ከረጢት ሆኖ ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ማን እንዳስቀመጠው የሚናገር ነገር የለም። እማዬ ከረጢቱን ከፈት አድርጋ አየችና መልሳ ዘጋችው። «የሰው ዕቃ ነው፣ ተሳስተው ነው፣ እንዳትነኪው» አለችኝ። ፎሶሊያው እዚያው ደጃፍ ላይ ሁለት ቀን አደረ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ያሉት አሮጊት በአጥሩ በላይ ብቅ ብለው «አልወደዳችሁትም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አባዬ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው ግን እጃቸውን ወዝወዝ አድርገው «ኧረ ምንም አይደል፣ ተርፎኝ ነው» ብለው ገቡ።

አባዬ ይህንን ሲተረጉምላት የእማዬ ፊት ተለዋወጠ።

«ተርፏቸው? ትራፊ ነው የላኩልን?»

መስከረም 1980 ነበር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው።) እኔ ስድስት ዓመቴ ነው። አባዬ በ1974 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሲሄድ እማዬ እኔን አርግዛ ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ደርግ መጣ፣ መመለሻው መንገድ ተዘጋ። እማዬ በስንት ደጅ ጥናት የመውጫ ቪዛ አግኝታ ይዛኝ ስትሄድ፣ አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ሰውዬ። «አባትሽ ነው፣ ሳሚው» ተባልኩ።

ይዞን የሄደው ለንደን አይደለም። እንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ሶመርሴት የሚባል ክፍል አለ። እዚያ በሜንዲፕ ኮረብቶች ግርጌ ካሉት መንደሮች አንዷ ውስጥ ነበር የሚኖረው። ሥራው የወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ነው፣ የወተቱን ጥራት ይመረምራል። አካባቢው የከብት አገር ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የቼዳር አይብ ስሙን ያገኘው ከእኛ ብዙም ከማትርቀው ከቼዳር መንደር ነው።

መንደሯ ከድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ሱቅም ፖስታ ቤትም የሆነ አንድ ክፍል፣ ሁለት ክፍል ያላት ትምህርት ቤት ነበሯት። በቃ። እማዬ ያደገችው ደሴ ፒያሳ አጠገብ፣ በር ከፍተው ሲወጡ ሰው የሚጋፋበት ሰፈር ነው። የመጀመሪያ ሰሞን በመስኮት እያየች «ሰው የለም እንዴ እዚህ አገር?» ትል ነበር። ሰው አለ። ግን ማንም «ቡና ጠጡ» አይልም። ማንም በር አንኳኩቶ «እንደምን አደራችሁ» አይልም። የእንግዳ ወጉ ነው ብላ ጠበቀች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። የሚመጣው ከረጢት ብቻ ነው። ዝኩኒ፣ ድንች፣ እንቁላል። ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ፣ ሁልጊዜ «ተርፎኝ ነው»።

በመጀመሪያው መከር አረንጓዴ ትልልቅ ፖም መጣ። እማዬ አንዱን አጥባ በአንድ ጊዜ ገመጠችው። ኮምጣጤ! ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይኸው፣ የማይበላውን ነው የሚሰጡን» አለች። ብራምሊ የሚባለው ፖም መሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው። በጥሬው የሚበላ አይደለም፣ በስኳር ተቀቅሎ ነው የሚበላው። በ1809 አንዲት ልጅ ኖቲንግሃምሺር ውስጥ ከዘራችው ፍሬ የበቀለ ዛፍ ነው፣ ከዚያች ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ በሌላ ግንድ ላይ እየተተከለ አገሩን ሞላው። አሮጊቷ ጎረቤታችን ጓሮ ውስጥም አንድ ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ በላይ በምልክት ስኳርና ድስት እያሳዩ ለእማዬ አስረዷት። ያን ቀን ነው እማዬ «እማማ» ብላ የጠራቻቸው። ቃሉ ትርጉም አላስፈለገውም። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ስማቸው እማማ ሆኖ ቀረ።

ነገሩ ትራፊ አለመሆኑን እማዬ የተረዳችው በበረዶው ጊዜ ይመስለኛል። ታኅሣሥ 1981 ላይ ከባድ የበረዶ ማዕበል ደቡብ ምዕራቡን መታው። የዚያ ዓመት ክረምት በእንግሊዝ ታሪክ የታወቀ ነው። ጥር 10 ቀን 1982 ሽሮፕሺር ውስጥ ኒውፖርት ላይ ከዜሮ በታች 26.1 ዲግሪ ተመዝግቧል፣ እስከ ዛሬም የእንግሊዝ ዝቅተኛው ነው። እኛ ጋ መንገዱ ተዘጋ። አባዬ ሥራ ቦታ ቀረ፣ መመለስ አልቻለም። እማዬና እኔ አንድ አልጋ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ደራርበን ተኛን። ጠዋት በሩን ስትከፍት ከደጃፋችን እስከ መንገዱ ድረስ በረዶው በአካፋ ተጠርጓል። ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ደጃፉ ላይ አንድ ጆንያ የድንጋይ ከሰል አለ። በረዶው ላይ የትልቅ ቦት ጫማ ዱካ አለ። ሰው ግን የለም።

እማዬ ብዙ ቆማ ያንን ዱካ አየችው። «በዚህ ብርድ የሚተርፍ ከሰል አለ?» አለች፣ ለራሷ።

በሚቀጥለው ሳምንት ድፎ ዳቦ ጋገረች። ጥቁር አዝሙዱ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ በትንሽ ጨርቅ ቋጥራ ያስቀመጠችው። ግማሹን በፎጣ ጠቅልላ ለእማማ አስያዘችኝ። በሩ ጋ ጠራችኝና በጆሮዬ «ተርፎን ነው በያቸው» አለችኝ።

አልኳቸው። ፎጣው ባዶውን አልተመለሰም። አንድ ጠርሙስ የእንጆሪ ማርመላታ ነበረበት።

እንጆሪውን ካነሳሁ ስለ አጥሩ መናገር አለብኝ፣ የልጅነቴ ግማሹ እዚያ ነው ያለው። የዚያ አገር ማሳ የሚከለለው በሽቦ አይደለም፣ በቁጥቋጦ ነው። እሾሃማው ዛፍ፣ ሐረጉ፣ አበባው እርስ በርሱ ተጠላልፎ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። እማዬ መጀመሪያ ወደዚያ መጠጋት አልወደደችም። አባዬ በእግረኛ መንገድ ሊያንሸራሽረን ሲወስደን «የሰው ማሳ አቋርጠን?» ብላ ቆመች። እንግሊዝ አገር ግን መንገዱ ከጥንት ጀምሮ የሕዝብ ከሆነ መሬቱ የማንም ይሁን የማን ማለፍ ይቻላል። ገበሬው አጥሩ ላይ መሸጋገሪያ ደረጃ ይሠራል፣ አንተ ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ፣ ትሄዳለህ። እማዬ ይህንን እስክታምን አንድ ዓመት ፈጀባት።

ካመነች በኋላ ግን የሚያቆማት አልተገኘም። አንድ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አጥሩ ጥግ ድንገት ጮኸች። እባብ ያየች መስሎን ሮጥን። እጇን ዘርግታ ቆማለች። «እንጆሪ! እንጆሪ ነው እኮ!» ጥቁር፣ የበሰለ፣ እሾሁ ያው፣ ቅጠሉ ያው። ትንሽ ራመድ አለችና ደግሞ «ቀጋ!» አለች። የጫካ ጽጌረዳ ፍሬው ገና መቅላት ጀምሮ ነበር። ከዚያ እኔ ሳማ ውስጥ እጄን ከተትኩ። እሪታዬን ለቀቅኩት። አብራን የነበረችው የክፍሌ ልጅ ወዲያው ከአጥሩ ሥር ሰፋ ያለ ቅጠል በጥሳ እጄን ታሸው ጀመር። እማዬ ቅጠሉን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ቱልት» አለች። «የኛው ቱልት ነው። እነሱም ያውቁታል።» ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

እናቴ እንግሊዝ አገር የገባችው ያን ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ቋንቋው ገና አልገባትም። ሰዉ ገና አልገባትም። አጥሩ ግን ገባት።

ቀጋ ለቅማ ስትመለስ እማማ አይተዋት ዓይናቸው በራ። በአባዬ አስተርጓሚነት የነገሩንን አስታውሳለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን ከውጭ መግባት ሲያቅተው መንግሥት ሕዝቡን ቀጋ እንዲለቅም ጠይቆ ነበር። ሴቶችና ሕፃናት በየአጥሩ እየዞሩ ለቀሙ፣ ለሕፃናት ቫይታሚን ሲ የሚሆን ሽሮፕ ተሠራበት። እማማም ያኔ ለቅመዋል። እጅጌያቸውን ሰብስበው የእሾህ ጠባሳ አሳዩን። እማዬ ደግሞ በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየለቀመች እንደምትበላ ነገረቻቸው፣ ውስጡ ያለው ጸጉር ጉሮሮ እንደሚበላ። እማማ ጉሮሯቸውን ይዘው «አዎ፣ አዎ» አሉ። ሁለቱም ሳቁ።

ትምህርት ቤታችን አንድ ቀን አጥር ለመቁጠር አወጣን። መምህራችን ሠላሳ እርምጃ ያህል ለካችና «በዚህ ውስጥ ስንት ዓይነት ዛፍ አለ?» አለችን። ዛፉንና ቁጥቋጦውን ብቻ ነው የምንቆጥረው፣ ሐረግና ሣር አይገባም። አንዱ ዓይነት እንደ አንድ መቶ ዓመት ይታሰባል። ግምት ነው። ሰባት ቆጠርን። ማታ ለአባዬ «አጥራችን ሰባት መቶ ዓመቱ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰላና «ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ ገደማ ማለት ነው» አለኝ። 1270። ከዚያ ወዲህ በዚያ አጥር ባለፍኩ ቁጥር ውስጡ ንጉሥ የተደበቀ ይመስለኝ ነበር።

አጥሩ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ይጠገናል። ቅጠሉ ሲረግፍ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አፉ እንደ ማጭድ የታጠፈ ገጀራ ይዘው ይመጣሉ። ግንዱን ከሥሩ ገደድ አድርገው ይመቱታል። ሊቆረጥ ትንሽ ሲቀረው ያቆማሉ። የቀረው የጣት ያህል ልጥ ነው። ከዚያ ዛፉን ቀስ ብለው ጎን ለጎን ያስተኙታል፣ በካስማ ይይዙታል። የሞተ ይመስላል። በጸደይ ግን ከተጋደመው ግንድ ላይ ቀጥ ቀጥ ያለ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፣ አጥሩም ጥቅጥቅ ይላል። አባዬ ይህንን ቆሞ ማየት ይወድ ነበር። ሽማግሌው አንድም ቀን «ማነህ፣ ከየት ነህ» ብለው አልጠየቁትም። ሁለተኛው ክረምት ላይ ግን ጓንት አቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯቸው ይሠራ ነበር።

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ ልምጣ። ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ በኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977።

ማክሰኞ ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋዮች የሚለማመዱበት ነው። የእነሱ ደወል እንደኛ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገመድ ይይዛል፣ ደወሎቹ በየዙሩ ተራቸውን እየለዋወጡ ይደወላሉ። ስድስት ደወል ካለ 720 የተለያየ ተራ ይወጣዋል። ያን ማታም ይደወል ነበር። እኛ ቴሌቪዥን ከፍተናል። ቢቢሲ ላይ ማይክል በርክ የኮረምን ረሃብ አቀረበ፣ ምስሉን ያነሳው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው።

አባዬ የቆቦ ልጅ ነው። ከኮረም ቅርብ ነው። ያሳደገችው አክስቱ እዚያ ነበረች፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደብዳቤዋ ቀርቶ ነበር።

ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከ። መስታወቱን ሊነካው ምንም አልቀረውም። መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም። በኋላ ገባኝ፣ ፊት እየፈለገ ነው። ምስሉ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲያልፍ ጭንቅላቱ አብሮ ይሄዳል። አንዲት ነጠላ የተከናነበች አሮጊት ስትታይ እጁን አነሳ። ምስሉ አለፈ። እጁ እንደተነሳ ቀረ። እማዬ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ያዘችው። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ውጭ ደወሉ ይደወላል። ደዋዮቹ ገና አላዩም፣ አልሰሙም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ምሳ ስንበላ አንድ ልጅ ጣፋጩን በሳህኑ ወደ እኔ ገፋው። ክፉ ልጅ አልነበረም። «ይኸው» ብቻ ነው ያለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እበላው ነበር። ያን ቀን ሁሉም እያዩኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ከእነሱ ጋር ኳስ የተጫወትኩ፣ ከእነሱ ጋር አጥር የቆጠርኩ ልጅ፣ በአንድ ሌሊት ከቴሌቪዥኑ የወጣሁ ሆንኩ። ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ፣ ሌሎች ልጆች ስለ አገሬ ቀልድ ሲቀልዱ ሰምቻለሁ። እሱን መመለስ እችልበት ነበር። ያንን ጣፋጭ ግን እስከ ዛሬ እንዴት መመለስ እንደነበረብኝ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃፋችን ሞላ። የታሸገ ባቄላ፣ የዱቄት ወተት፣ ብርድ ልብስ፣ ብስኩት። ጠዋት በሩን ስንከፍት ነው የምናገኘው። እማዬ አንድ ጠዋት ቆርቆሮዎቹን እያየች ደረቷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ። አልተቆጣችም። «ምን ያድርጉ፣ የሚያውቁት ኢትዮጵያዊ እኛን ብቻ ነው» አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የእርዳታ መሰብሰቢያ ጠረጴዛ ተዘጋጅቶ ነበር። ሁሉንም በጋሪ ጭነን ወሰድነው። ሁለት ጊዜ ተመላለስን።

ሐሙስ ማታ በሩ ተንኳኳ። በዚያ ቤት አራት ዓመት ስንኖር በር ተንኳኩቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። እማማ ናቸው። ምንም አልያዙም። ባዶ እጃቸውን ሳያቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። «ልግባ?» አሉ። ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

እማዬ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። ለቅሶ ቤት ነው፣ ሰው መጥቷል። ከቁም ሳጥን ጥሬ ቡናውን አወጣች። ለገና ብላ ከለንደን ያስመጣችው ነው። ብረት ምጣዱ ላይ ቆላችው። ጭሱን ለእማማ አቀረበችላቸው፣ በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሳቡት፣ ማንም ሳያሳያቸው። አቦሉን ጠጡ። ቶናውን ጠጡ። ሰዓቱ ሄዷል፣ የእሳቸው የመኝታ ሰዓት አልፏል፣ ግን በረካውም እስኪደርስ ጠበቁ። አባዬ ወለሉን እያየ ስለ አክስቱ ማውራት ጀመረ። እንጀራ ስትጋግር እንዴት እንደምትዘፍን። ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እማማ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ሲወጡ የእማዬን ሁለት ጉንጭ ሳሙ፣ እኛ እንደምንሳሳመው።

ቅዳሜ ደግሞ ሽማግሌው ገበሬ መጡ። ጓንት በእጃቸው ይዘዋል። «ሥራ አለ» ብቻ አሉት። አባዬ ተከትሏቸው ወጣ። እስኪመሽ አልተመለሰም። እጁ በእሾህ ተቧጥጦ፣ ልብሱ ጭቃ ሆኖ ገባና ከስንት ቀን በኋላ እራት በላ።

ደብዳቤው የመጣው በጸደይ ነው። አክስቱ ኮረም መጠለያ ውስጥ አርፋለች። ሁለት የልጅ ልጆቿ ተርፈዋል። አባዬ ደብዳቤውን ሲያነብልን «ተርፈዋል» የሚለው ቃል ላይ ድምፁ ተያዘ።

በ1987 ወደ ለንደን ሄድን፣ በ1992 ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ለንደንን ብዙም አልናፍቃትም። መንደሯን ግን አልማታለሁ። በ2018 አንድ ዜና ሳነብ ቢሮዬ ውስጥ ብድግ ብዬ ቆምኩ። በ1903 ቼዳር ዋሻ ውስጥ የተገኘው የአሥር ሺህ ዓመት ገደማ አፅም፣ በዘረመል ሲመረመር ቆዳው ጥቁር ሳይሆን እንዳልቀረ ተነገረ። ዋሻውን ከትምህርት ቤት ጋር ሄደን አይተነዋል። ያኔ ከመላው ክፍል ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። መምህራችን «የአካባቢያችን ጥንታዊ ሰው» ስትለን ከሁሉም ኋላ ቆሜ ነበር።

በ2019 መስከረም ብሪስቶል ለሥራ ስሄድ ልጄን ይዣት ሄድኩ። አንድ ቀን ተርፎን ወደ መንደሯ በአውቶቡስ ወረድን። ፖስታ ቤቱ የሰው መኖሪያ ሆኗል። ትምህርት ቤቷም እንዲሁ፣ ደወሏ ብቻ ጣሪያው ላይ አለች። መጠጥ ቤቱ አለ። እማማ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከባለቤታቸው ጎን አርፈዋል። ስማቸውን ለልጄ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። «ለምን እማማ አይልም?» አለችኝ።

አጥሩ አለ። ከጦርነቱ ወዲህ በዚያ አገር ከአጥሩ ግማሽ ያህሉ ለትልልቅ እርሻ ሲባል ተነቅሏል። ከ1997 ጀምሮ ግን ያለ ፈቃድ መንቀል በሕግ ተከልክሏል። የእኛው ተርፏል። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ገለጥ አደረግኩ። አባዬ ያስተኛቸው ግንዶች እንደተጋደሙ ናቸው። ከእግሬ ይወፍራሉ። በላያቸው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ ዛፍ ሆኗል። ቀጋው ቀልቷል።

ስንመለስ የእማማ የነበረው ቤት በር ላይ አንድ ሳጥን ተቀምጦ አየን። አረንጓዴ ትልልቅ ፖም። በካርቶን ላይ «እባክዎ ይውሰዱ» ተብሎ ተጽፏል። ልጄ ግራና ቀኝ አየች።

«የማን ነው?»

«ተርፏቸው ነው» አልኳት።

ሁለት ወሰደች። አንዱ ለአያቷ ነው። በሹራብ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ አዲስ አበባ ገባ። እማዬ ፖሙን ተቀብላ አሸተተችው፣ በመዳፏ መዘነችው። ልጄ «ብዪው እንጂ!» አለቻት።

«ይሄማ የሚቀቀለው ነው» አለች እማዬ፣ ስኳሩን ልታወጣ እየተነሳች።